ለሃርገን ከንቲባ፦ እናቴ ስለምትጠብቃቸው ሁለት አጫጭር ፊሽካዎች

ለተከበሩ አቶ ዴሪክ ክሌመንስ
የሃርገን ከተማ ከንቲባ
ሃርገን፣ ኢሊኖይ

ጉዳዩ፦ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠው ፊሽካ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲነፋልን ስለመለመን

የተከበሩ ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው የከሰል በዓላችን ላይ ክፍት መኪና ውስጥ ቆመው ለሕዝቡ ከረሜላ ሲበትኑ አይቼ፣ የትከሻዎ ሕመም ፈጽሞ እንደተሻለዎ ተረድቻለሁ። ከከረሜላዎቹ አንዷ የእናቴን መነጽር መትታ ከመጣሏ በቀር ያደረሰችው ጉዳት ስላልነበረ፣ ስለ ቸርነትዎ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ስሜ ዶሎሬስ ባቢች ነው። ከውኃ ማማው በታች፣ የድንጋይ ከሰል ኩባንያው በዘመኑ ለቆፋሪዎቹ ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ፣ ዘጠና ዓመት ካለፋት እናቴ ከቪንካ ባቢች ጋር እኖራለሁ። አባቶቻችን ከሥሩ ያለውን መሬት ቦርቡረው ስለጨረሱት ቤታችን በአንድ በኩል ሰጥሟል፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው እንቁላል ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ይንከባለላል። በዚህ ግን አላማርርም፤ መሬት መስመጥ የተፈጥሮ ጠባይ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ በደግነት ስላስረዳን እንቁላሉን ሳህን ውስጥ ማስቀመጥ ተምረናል።

ቀደም ብዬ በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሥራ ብዛት ሳይነበቡ እንደቀሩ ስለምገምት፣ ይህኛውን ጎረቤት ሁሉ እያነበበ እንዲያስታውስዎ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የምስጋናዬና የአቤቱታዬ ዝርዝር የሚከተለው ነው።

አንደኛ። ባለፈው ፀደይ በእሳት አደጋ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ስላስተከሉልን አዲስ ሳይረን ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌው ከፍ ዝቅ እያለ ያላዝን ነበር፤ አዲሱ ግን አንድ ወጥ፣ ረጅምና የማይቆራረጥ ድምፅ አለው። አውሎ ነፋስ ቢመጣ እንደሚያስጠነቅቀን አልጠራጠርም። አውሎ ነፋስ በማይመጣበት ጊዜም ቢሆን በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለሙከራ ስለሚጮህ፣ ያለ ድንጋጤ ያሳለፍነው ወር የለም።

እርስዎ በምርጫው ሰሞን በየግድግዳው በተለጠፈው ፎቶ ላይ የአያትዎን የቆፋሪ ቆብ በእጅዎ ይዘው "የከሰል ቆፋሪ የልጅ ልጅ ነኝ" ብለውናልና የፊሽካውን ነገር አያውቁም ብዬ አላስብም። ቢሆንም ከተማዋን ማስተዳደር ብዙ ነገር ስለሚያስረሳ ላስታውስዎ። ይህችን ከተማ የመሠረቷት ሰዎች ክሮአቶች፣ ሊትዌኒያውያን፣ ጣሊያኖችና ዌልሶች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ለየብቻ፣ መጠጥ ቤታቸው ለየብቻ፣ መቃብራቸውም ለየብቻ ነበር፤ በቋሊማ አሠራር እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሁሉም እኩል የሚሰሙት ቋንቋ ቢኖር የከሰል ጉድጓዱ የእንፋሎት ፊሽካ ብቻ ነበር። ማታ አንድ ጊዜ ከጮኸ ነገ ሥራ አለ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከጮኸ ሥራ የለም፤ ወንዶቹ ወደ መጠጥ ቤት፣ ሴቶቹ ወደ ሐሳብ ይገባሉ። ሳይቋረጥ ከጮኸ ግን ትርጉሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ሴቶቹ ምድጃ ላይ የጣዱትን ትተው፣ ባሎቻቸው ሲወጡ የሚደርቡትን ደረቅ ካፖርት በክንዳቸው አንጠልጥለው ወደ ጉድጓዱ አፍ ይሮጡ ነበር።

እናቴም አንድ ቀን እንደዚሁ ሮጣለች። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም፤ ሆዷ ውስጥ ሆኜ አብሬያት ሮጫለሁ ማለት ይቻላል። ታች ጋዝ ፈንድቶ እሳቱ አልጠፋ ስላለ፣ ኩባንያው አየር እንዳይገባ ብሎ የጉድጓዱን አፍ ለመድፈን ወሰነ። የማዕድኑ ኃላፊ ጋሪ ላይ ወጥቶ በረዶ ላይ ለቆሙት ሴቶች የተናገረውን እናቴ ቃል በቃል ይዛዋለች፦ "እመቤቶቼ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ፤ ግቡ ወደየቤታችሁ። እሳቱ ሲሞት እንከፍተዋለን። ወንዶቹ ሲወጡ ሁለት አጭር ፊሽካ እናሰማለን፤ ያን ጊዜ ትመጣላችሁ።" ሁለት ጊዜ የሚጮህበት ሌላ ጉዳይ ስላልነበረ፣ ሁለቱ ጩኸት ለዚያች ቀን ተያዘ። ጉድጓዱ ግን አልተከፈተም። ሰዎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኩባንያው ከከተማው ማዶ ሌላ ጉድጓድ ከፍቶ፣ በኋላም እሱንም ዘግቶ ሄደ። ፊሽካው ከዚያ ወዲህ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም።

እናቴ በጓንት ፋብሪካ እየሠራች አሳደገችኝ። ስለዚያ ቀን አውርታ አታውቅም ነበር፤ ሌላ ባልም አላገባችም። አሁን ግን እርጅናው አእምሮዋን እየፈታው ነው። አንዳንድ ቀን እኔን እህቷ አድርጋ ትጠራኛለች፤ ምሳ በልታ ምሳ አልበላሁም ትላለች። የእርስዎን ሳይረን ግን አልረሳችውም።

ሁለተኛ። ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር፣ ያለ እኔ ድጋፍ ከወንበር መነሳት የማትችለው እናቴ ብድግ ትላለች። የአባቴን ካፖርት ከቁም ሣጥን አውጥታ በክንዷ ታንጠለጥልና ትወጣለች። በመጀመሪያው ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ልመልሳት ሞክሬ ነበር፤ "አንቺ ምን ትገትሪኛለሽ? አይሰማሽም? ማቶ እኮ ታች ነው!" ብላ ገፍትራኝ አለፈች። ማቶ አባቴ ነው። ገፍትራኝ አለፈች ስልዎ ቀልድ እንዳይመስልዎ፤ ክንዴ ለሳምንት ያህል ጠቁሮ ነበር።

የምትሄደው የት እንደሆነ ያውቃሉ፤ በፊርማዎ ለርካሽ ዕቃ መደብር ወደተሰጠው ቦታ ነው። የጉድጓዱ አፍ የሸማቾች ጋሪ በሚደረደርበት ጥግ፣ አስፋልቱ ሥር ነው ያለው። ምልክት ባይደረግበትም እናቴ አንድም ቀን ስታው አታውቅም። እዚያ ትቆምና ትጠብቃለች። ሳይረኑ ጮኾ ጮኾ ዝም ሲል ለእርስዎ ሙከራው አልቋል፤ ለእሷ ግን ያን ጊዜ መጀመሩ ነው፤ ሁለቱን አጫጭር ፊሽካዎች ሳትሰማ ወደ ቤት አትገባም። ጉልበቷ ከድቷት እስክንሸከማት ድረስ ትቆማለች።

ጎረቤታችን ሌስተር፣ ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር፣ አዝኖልን አንድ ጊዜ መላ መታ። መኪናውን ከመደብሩ ጀርባ አቁሞ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ነፋው። እናቴ ዞር ብላ በቁጣ አየችው። "ሌስተር፣ የመኪና ጥሩንባና የጉድጓድ ፊሽካ የማልለይ መሰለህ? እዚህ እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ትጠብቃለች፤ አንተ ትጫወታለህ። ነውር አይደለም?" አለችው። ሌስተር ቆቡን አውልቆ፣ "ይቅርታ እማማ ቪንካ" ብሎ አጠገቧ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ በዚያ በኩል አያልፍም።

ሦስተኛ። የበታች ሹማምንትዎ ስላደረጉልኝ መስተንግዶም ላመሰግን። የእሳት አደጋ ጣቢያው አለቃ ጂን ስቶክተን፣ ድምፁ ትንሽ እንዲቆራረጥ ብለምነው፣ "ዶሊ፣ እኔ ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ቁልፉ እዚህ የለም፤ የሚጮኸው ከወረዳው በኮምፒውተር ነው። እኔ ራሴ በጮኸ ቁጥር ቡና ልብሴ ላይ እደፋለሁ" አለኝ። ወረዳው ደግሞ ሳይረኑ የከተማው ንብረት ነው ብሎ ወደ እርስዎ መለሰኝ፤ የእርስዎ ጸሐፊ ወደ ጂን። ለታመመው ጉልበቴ ሐኪሙ መራመድ ይጠቅምሻል ብሎኝ ስለነበር፣ ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ስለ ጤንነቴ ተባብረው ማሰባቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

አራተኛ፣ ምናልባትም አንደኛ መሆን የነበረበት። ያ የእንፋሎት ፊሽካ በሕይወት አለ። በማዘጋጃ ቤቱ መተላለፊያ፣ ከቢሮዎ በር አጠገብ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተወልውሎ ተቀምጧል። ሌስተር የጭነት መኪናውን የአየር መጭመቂያ አምጥቶ ሊነፋው እንደሚችል፣ የምንፈልገውም ከሙከራው በኋላ ሁለት አጭር ድምፅ ብቻ እንደሆነ ገልጬ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ቅርሱ ድምፅ ቢያሰማ ቅርስነቱ አደጋ ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ፊሽካ ሲነፋ የሚበላሽ፣ ዝም ሲል የሚከብር መሆኑን እስከዚህ ዕድሜዬ አላወቅሁም ነበር፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ። አሁን ወደደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ልምጣ። ጽሕፈት ቤትዎ እናቴ የሸማቾችን መተላለፊያ እንደምታውክ ገልጾ፣ በሚመጣው የሙከራ ቀን እዚያ ከተገኘች "ለራሷ ደኅንነት ሲባል" ወደ አረጋውያን ማቆያ እንድትወሰድ ለወረዳው እንደሚያመለክት አሳውቆኛል። ማቆያው ከዚህ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ መኪና መንዳት ትቻለሁ፤ ዓይኔ አይረዳኝም። እናቴ ከተወሰደች እንግዲህ አላያትም ማለት ነው፤ እሷም የት እንዳለች ሳታውቅ፣ ማንን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ ትሞታለች።

የመደብሩ ኃላፊ ትሪና ግን አልከሰሰችንም። እንዲያውም ለሽያጭ ከቀረቡት የአትክልት ቦታ ወንበሮች አንዱን ዋጋው እንደተለጠፈበት አምጥታ፣ "እማማ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸው፤ ወንዶች እንደሆኑ ሲወጡ መዘግየት ልማዳቸው ነው" አለቻት። እናቴ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከሳሹ ጋሪ መውሰድ ተቸግሬያለሁ ያለ አንድ ሸማች ነው አሉ፤ ስሙን አልነገሩኝም፤ ጋሪውን በሰላም እንዳገኘ ተስፋ አደርጋለሁ።

የተከበሩ ከንቲባ፣ እስካሁን በወጉ ስጽፍልዎ ቆይቻለሁ፤ ትንሽ ደግሞ ያለ ወግ ልናገር ይፍቀዱልኝ። ደክሞኛል። በሩን ብቆልፍ በመስኮት ልትወጣ ትሞክራለች፤ ባልቆልፍ እርስዎ ይወስዷታል። ጆሮዋን በጥጥ ደፍኜላት ነበር፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሯ ሰማችው። አባቴ ሞቷል ብዬ ነገርኳት፤ ልክ ዛሬ እንደሞተ አድርጋ አለቀሰችና፣ በሚቀጥለው ወር ረስታው ካፖርቱን ይዛ ወጣች። ሁለተኛ አልነግራትም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ ሳይረኑ ዝም ሲል ያንን መስታወት ይክፈቱልን። ሁለት ጊዜ። አጭር። እናቴ ትሰማዋለች፤ "ወጡ" ትላለች፤ ካፖርቱን ለማን እንደምታለብስ ያን ጊዜ እኔ አስብበታለሁ። ቢያንስ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ይህን ሁሉ ያነበቡበትን ውድ ጊዜ በከረሜላ የሚተካልዎ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ ቢሮዎ ዘወትር ጸጥታ የሰፈነበት፣ የበርዎ ፊሽካም ሁልጊዜ የተወለወለ እንዲሆን እየጸለይኩ፣ ለሥልጣንዎ ካለኝ እጅግ የጠለቀ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ዶሎሬስ ባቢች
የቪንካና የማቶ ልጅ

ግልባጭ፦
– ለእሳት አደጋ ጣቢያ አለቃ (ልብሱ ላይ ለደፋው ቡና ከማዘን ጋር)
– ለወረዳው አስተዳደር (ወደ ከተማው ለሚመልሰው)
– ለአውሎ ነፋሱ (ቀኑን እንዳይስት)

ተጨማሪ ቃል፦ እናቴ እዚያ ቆማ የምትጠይቀው ስለ አባቴ ብቻ እንዳይመስልዎ። ዙሪያዋን ታይና እነማን እንደመጡ፣ እነማን እንደቀሩ ትቆጥራለች። "ኦቶ ክሌመንስስ? ከእሱ ቤት ማንም አልመጣም እንዴ? ምነው፣ ሰውየው ሲወጣ ማን ይቀበለዋል?" ትለኛለች። እኔም አሳፍሬዎ እንዳልገኝ፣ ቤተሰቡ መንገድ ላይ ነው እላታለሁ። ማመን ሳይሰለቻት አልቀረም፤ ካለፈው ወር ጀምሮ የምትወጣው ሁለት ካፖርት ይዛ ነው። አንዱ የአባቴ ነው። ሌላው ለአያትዎ ነው።