ስለ ሥራሽ ንገሪኝ

ሰኞ፣ ማርች 3

ጤና ጣቢያው ዛሬ ጉንፋን በጉንፋን ሆኖ ዋለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ብቻ መንጠቆ እጁ ላይ ሰክቶ መጥቶ ትንሽ ለወጥ አደረገልን።

ከሥራ በኋላ እንደ ወትሮው አክስቴ ፓፒሎአ ቤት። የእግራቸውን ቁስል አጠብኩ፣ በፋሻ ጠቅልዬ አሰርኩ። የስኳር በሽታው አምና ትንሿን የእግር ጣታቸውን ወስዷል። ይኼ ቁስል ካልዳነ እግራቸውም ይከተላል። "ከፍ አድርገው ይቀመጡ፣ አይራመዱበት" አልኩ። "እሺ ልጄ" አሉ። ገና የግቢውን በር ሳልዘጋ ተነስተው የጎረቤት አሳማ ሲያባርሩ አየኋቸው...

ማን ይቆጣቸዋል? የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በእኛ በቶንጋዎች ዘንድ የአባት እህት ካለች የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ነርስ ብሆንስ?

ሐሙስ፣ ማርች 6

የእንግሊዝኛው ፈተና ውጤት መጣ። ማንበቡ፣ መጻፉ፣ ማዳመጡ አልፏል። መናገሩ ስድስት ተኩል። ኒውዚላንድ በነርስነት ለመመዝገብ ሰባት ይፈልጋሉ። ግማሽ ነጥብ...

አብራኝ የምትሠራው ሉሴያኔ እንደ ተጠርጣሪ አስቀምጣ መረመረችኝ።

"ፈታኙ ሥራሽን ትወጂዋለሽ ሲልሽ ምን አልሽው?"

"አዎ አልኩት።"

"እንዴት አድርገሽ?"

ቅንድቤን ወደ ላይ አንስቼ አሳየኋት። እንደ ሰው ሁሉ። ቶንጋ ውስጥ አዎ ለማለት አፉን የሚያደክም ማን አለ?

"ሎሳ፣ የሚቀዱት ድምፅሽን ነው እኮ። ቅንድብሽን ምን ላይ ይቅዱት?"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ ሰውየው ዝም ብሎ ያየኝ የነበረው መልስ እየጠበቀ ነው! እኔ ደግሞ ይኼ ሰው ምን ነካው እያልኩ ቅንድቤን ደጋግሜ ሳነሳለት...

ይባስ ብሎ "ስለ ሥራሽ ንገሪኝ" ሲለኝ "ትንሽ ሥራ ናት፣ የሚወራላት አይደለችም" ብዬዋለሁ። ለእንግዳ ሙሉ አሳማ ጠብሰን "ይቅርታ፣ የሚቀመስ ነገር የለም" እንደምንለው። እንግዳ ይገባዋል። ፈታኙ ግን የለም ስለው የለም ብሎ ጻፈ።

እሑድ፣ ማርች 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ በሙሉ ምሳ ላይ ነበር። አክስቴ ወሰኑ። እንደገና ትፈተናለች፣ የማሠለጥናትም እኔ ነኝ አሉ። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል።

"አንዷ ከሄደች ለሌላው በር ትከፍታለች" አሉ። ሁሉም ቅንድቡን አነሳ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔስ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ?

ይህን ሁሉ ሲያወሩ እግራቸው መሬት ላይ ነበር። ዘመድ አዝማድ ፊት እንዴት ብዬ ከፍ ያድርጉት ልበል...

ማክሰኞ፣ ማርች 11

የመጀመሪያው ልምምድ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቁስሉን አጥባለሁ፣ እሳቸው ሶፋው ላይ ፈታኝ ሆነው መነጽራቸውን አድርገዋል። ጥያቄዎቹን ይዛ የመጣችው ሉሴያኔ "ትሠሪያለሽ ወይስ ትማሪያለሽ? ብለው ይጀምሩ" አለቻቸው።

"ይኼን አልጠይቅም።"

"ለምን?"

"እግሬን ይዛ ቁጭ ብላ ሥራ አለሽ ወይ ልበላት? እኔ ያመመኝ እግሬን ነው እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም።"

ወደሚቀጥለው አለፉ። "ስለ ሥራሽ ንገሪኝ" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው።

"ነርስ ነኝ" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። በትልቅ ሰው ፊት ስለ ራስ ማብዛት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ እሳቸው፤ አሁን ምነው አላበዛሽም ብለው የሚያፈጡብኝም እሳቸው።

"ቀጥዪ እንጂ።"

"ምን ልበል?"

"ዋሺያ! እኔ ፋብሪካ ስገባ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አልችልም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው።"

"እሺ፣ ስለ እርስዎ እግር ላውራ?"

"እግሬን ለፈረንጅ እንዳታነሺ። በገማ እግር ኦክላንድ ድረስ ስሜ መነሳት የለበትም።"

ዓርብ፣ ማርች 21

ዛሬ ሳላቋርጥ ብዙ ተናገርኩ። አንድም እውነት አልነበረበትም። አክስቴ አጨበጨቡልኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ቁስሉ ሰፍቷል። ትናንት የመዘምራን ልምምድ ላይ ቆመው አመሹ አሉ። "ለፋሲካ ነው፣ ያለ እኔ ድምፅ አይሆንም" ብለው።

ተናደድኩ። አጠብኩ፣ አሰርኩ፣ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። እኔ ከሄድኩ ማን ያጥብላቸዋል? ሉሴያኔ እጇ ጎበዝ ነው፤ ግን ዘመድ አይደለችም፣ እግራቸውን አውጥተው አይሰጧትም። ሆን ብዬ ብወድቅስ? ስድስት ተኩልን እንደሁ አውቃታለሁ፣ እሷን ማምጣት አይከብደኝም።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ተፈተንኩ። በዚህኛው ፈታኟ ሴት ናት፣ ፀሐይ ያቃጠለው አፍንጫ ያላት።

"ሥራሽን ትወጂዋለሽ?" ቅንድቤ ቀድሞኝ ተነሳ። ደንግጬ "አዎ!" አልኩ በአፌ። ጮክ ስላልኩ እሷም ደነገጠች።

"ከሥራሽ ውስጥ የሚከብድሽ ምንድን ነው?" ለዚህ ከአክስቴ ጋር ያጠናነው ውሸት ነበር፤ ስለ ሌሊት ተራ የሚያወራ። ጤና ጣቢያችን ሌሊት አይሠራም። ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ ጠፋ።

"የአክስቴ እግር" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ስለ ጣታቸው፣ ስለ አሳማው፣ ስለ መዘምራኑ፣ ስለ ሽታው ሳይቀር ነገርኳት። ለሌላው በሽተኛ የምቆጣው ቁጣ እሳቸው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ላይ እንደሚቀር። ይህን ፈተና ካለፍኩ ጥያቸው እንደምሄድ፣ ከወደቅኩ ደግሞ እንደማሳዝናቸው። እንባዬም መጣ። "ይቅርታ፣ ጊዜያችን አልቋል" አለችኝ፣ ማቋረጡ እየከበዳት።

እንዳታነሺ የተባልኩትን አነሳሁ። ያውም ተቀድቷል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ሰባት ተኩል።

አክስቴ ቤት ሮጥኩ። እናቴም እዚያው ነበረች፣ ምሳ እያቀረበች።

"ምን ብለሽ ነው?" አሉ አክስቴ፣ ስልጠናቸው ሊመሰገን ሲጠብቁ።

"ስለ እርስዎ እግር ነግሬያቸው ነው።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሽታውንም?" አሉ አክስቴ።

"ሽታውንም።"

"እና ሰባት ተኩል ሰጡት?"

"ሰጡት።"

"ካንቺ ይልቅ እግሬ እንግሊዝኛ ይችላል ማለት ነዋ።" ሳቁ። ከዚያ "መቼ ነው የምትሄጂው?" አሉ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ፊት ለፊት አየኋቸው። "ቁስሉ ሳይዘጋ አልሄድም" አልኩ።

እናቴ ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በዚህ ቤት ለአባት እህት እምቢ የተባለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። እኔ ግን ቃሌን መልሼ አልዋጥኩትም።

አክስቴ "ያንን ትራስ አምጪልኝ" አሉ። እግራቸውን ሰቀሉት።

እሑድ፣ ሜይ 11

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። መዘምራኑ ያለ እሳቸው ዘመሩ፣ ቅዝቅዝ ያለ ነበር። ስመለስ እንደተውኳቸው ሶፋው ላይ አገኘኋቸው። አሳማው ግቢ ገብቶ ካሳቫቸውን ይቆፍራል።

"አላዩትም እንዴ?"

"እያየሁት ነው" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። ንቅንቅ አላሉም።

ዓመት ሙሉ ስለምናቸው ያልሰሙኝ ሴት። አሁን እኔን ለመሸኘት ብለው በሽተኛ ሆኑልኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

"ምን ያህል ቀረው?" ይሉኛል በየቀኑ። ዛሬ ቁስሉ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነበር። "ይኸው! አልኩሽ!" አሉ፣ ያዳኑት እሳቸው ይመስል። እውነትም እሳቸው ናቸው።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ነርስ እኮ ነኝ። ግን ሳጥብ እጄ ቀስ ቀስ ይልብኛል። ሥራ የሰጠኝ የኦክላንድ ሆስፒታል መቼ ትመጫለሽ እያለ ነው። ገና ነው እላለሁ። እሳቸው ሊልኩኝ ይቸኩላሉ፣ እኔ መድኃኒቱን ሳልቆጥብ ቀኑን እቆጥባለሁ...

ሰኞ፣ ጁን 23

ፋሻውን ፈታሁ። ደረቅ ነው። አዲስ ስስ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ገጥሟል።

"ተዘግቷል፣ አክስቴ።"

ይዘላሉ ብዬ ነበር። አልዘለሉም። እግራቸውን ከእጄ አልወሰዱም።

"ደህና አድርገሽ እይ እስቲ።"

የእጅ ባትሪ አምጥቼ አየሁ። "ተዘግቷል።"

"ከሥር በኩልስ? የቀረ ነገር አይጠፋም።"

እግራቸውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደገና አየሁ። ከሥር፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ ተረከዛቸው ጋ። ቶሎ አልጨረስኩም፤ እሳቸውም ቶሎ በይ አላሉኝም።

የቀረ የለም።