ባለቤቴን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ እንድናፍቃት ስለተፈቀደልኝ

ለክቡር አቶ ግራንት ሆልሮይድ
የሃርልስቢ ከተማ ምክር ቤት መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ምንጣፉ ለተቀየረው ቢሮዎ ሙሉ ደህንነትን እመኛለሁ። እኔ ሌናርድ ታክሬይ እባላለሁ፣ የሚያውቁኝ ሌን ይሉኛል፤ በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ በፖስታ የላክኋቸው አራቱ መንገድ ላይ ደክሟቸው ነው መሰለኝ እስካሁን መልስ ይዘው አልተመለሱም።

የምጽፍልዎ ስለ ዌል ሌን መቃብር በር ነው። ባለቤቴ ሙሪየል እዚያ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ከአትክልት ቦታዬ ያበበውን ቆርጬ እወስድላታለሁ፣ አጠገቧ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬም የቅዳሜውን የኳስ ውጤት እነግራታለሁ። በሕይወት ሳለች ኳስ ስትጠላ ለጉድ ነበር፤ አሁን ግን ተነስታ ስለማትሄድብኝ እጠቀምበታለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ክቡርነትዎ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በሩን ሃያ ሁለት ዓመት ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረውን ሲድኒ ብራምሊን አሰናብተው፣ መቃብሩ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲከፈት ወሰኑ።

ለዚህ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ምክር ቤቱ ቁጥር የሌለው ነገር አያነብም ሲሉ ሰምቻለሁና።

፩. ስለ ቀኖቹ ምርጫ አመሰግናለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ከነቅዳሜው፣ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ኩላሊቴን የምታጠብባቸው ቀናት ናቸው። ነርሷን ቀን ቀይሪልኝ ብዬ ብለምናት፣ «ሌን የኔ ጌታ፣ ቦታ ቢኖር እኔስ መች እጠላለሁ? አልጋ የሚለቀቀው አንዱ ሲሞት ነው» አለችኝ። እንግዲህ ሙሪየልን ለማየት የሰው ሞት እጠብቃለሁ ማለት ነው። እዚህ ደረጃ እደርሳለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

፪. ስለ ማስታወቂያውም እንዲሁ። በመጀመሪያው እሑድ እኔና ሦስት መበለቶች አበባችንን ታቅፈን በዝናብ ውስጥ ተቆልፎ ከጠበቀን በር ፊት ቆምን፤ የተነገረን ነገር አልነበረምና። በኋላ እንደተረዳነው የአዲሱ ሰዓት ማስታወቂያ ከበሩ ውስጥ፣ ጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ሟቾቹ ሁሉ በወቅቱ እንዲያውቁት ተደርጓል ማለት ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

፫. በግንቦት መጨረሻ በዓል ስለነበር ሆስፒታሉ ቀኔን ለአንድ ጊዜ ወደ ረቡዕ አዛወረልኝ፣ እኔም ሐሙስ ዕለት እንደ ሙሽራ ተላጭቼ ሄድኩ። በሩን እንዲዘጋ የቀጠራችሁት ድርጅት ሠራተኛ ግን ምሳው ቸኩሎበት ነው መሰል ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ቆልፎብኝ እብስ አለ። የምክር ቤቱን የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ልጅ አንስታ «አባቴ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አለ?» ብትለኝ፣ «አዬ ልጄ፣ እዚህ ካሉት መሐል ለሕይወቱ የሚሰጋ የለም» አልኳት። «እንግዲያውስ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ይሰጥዎታል» አለችኝ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ ሄፕወርዝ ጩኸቴን ሰምታ ብቅ አለችና «ምነው ሌን፣ ሰው ተራውን አይጠብቅም እንዴ? ገና ሳይጠሩህ ገባህ?» እያለች መጀመሪያ ሻይ፣ ቀጥሎ መሰላል አቀበለችኝ። መርፌ በሚገባበት ክንዴ ተንጠላጥዬ ወጣሁ፤ ክንዱም ሁለት ሳምንት አብጦ ነርሷን አስቆጣት።

፬. ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አበባዬን ከበሩ ብረት ላይ እያሰርኩ መመለስ ጀመርኩ። በነሐሴ «በምክር ቤቱ ንብረት ላይ ያልተፈቀዱ ነገሮችን ማሰር ያስቀጣል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የኔ አራት ደብዳቤ መልስ አጥቶ የኔ የዳልያ አበባ ግን መልስ በማግኘቱ ኮርቻለሁ።

፭. ስብሰባችሁ ለሕዝብ ክፍት ነው መባሉን ስሰማ ደግሞ መጣሁ። የነዋሪ ጥያቄ አሥር የሥራ ቀን አስቀድሞ ይግባ ትላላችሁ፣ አጀንዳውን የምታወጡት ግን አምስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ነቢይ ላልሆንን ሰዎች ትንሽ ይከብዳል። እንደምንም አስገባሁ። ሊፍቱ ለቁጠባ ተዘግቶ ስለነበር ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ከተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ አንዱ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ አንዱ መነጽሬን ስፈልግ አለቀ፣ በሦስተኛው «ባለቤቴ ሙሪየል...» እንዳልኩ ደወሉ ጮኸ። እርስዎም ከስልክዎ ቀና ብለው «እናመሰግናለን፤ ቀጣይ» አሉ። በሳምንቱ «ምክር ቤቱ የመቃብር ስፍራ ለሐዘንተኞች ያለውን ትርጉም ይገነዘባል» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው!

፮. ሲድኒ ብራምሊ፣ ነፍሱን ይማርና ገና አልሞተም፣ እሑድ አንዲት ሰዓት ያለ ምንም ክፍያ ልክፈትላቸው ብሎ አመለከተ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ቁልፍ ያንኑ በር የከፈተ ሰው «የቁልፍ አያያዝ ሥልጠና አልወሰደም» ተብሎ ተመለሰ። ይኼን ሲነግረኝ ልስቅ አፌን ከፍቼ ዕንባዬ ቀደመኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰባተኛም ነበረኝ፣ ግን ተውኩት። ሐኪሙ ብዙ በጋ እንዳልጠብቅ ነግሮኛል፤ እኔም ሞትን አልፈራም፣ ከሙሪየል ጎን ቦታዬን ገዝቻለሁና እዚያ ስገባ የሚቆልፍብኝ ቢኖር ግድ የለኝም። የምፈራው ለቀሩኝ እሑዶች ነው። ናፍቃኛለች። ቤት ውስጥ የኳሱን ውጤት ለባዶ ወንበር ስናገር ራሴን እታዘባለሁ፤ እሷ ያለችበት አጠገብ ሆኜ ስናገር ግን ደህና እሆናለሁ። የምለምንዎ በሳምንት አንዲት ሰዓት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ቁጠባዎ እንዲሰምር፣ ሊፍትዎም ለእርስዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ለአንዲት እሑድ ሰዓት ደጅ የምጠናዎ ከልብ አክባሪዎ፣

ሌናርድ ታክሬይ

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ሙሪየል ታክሬይ፣ ዌል ሌን (በሩ ሲከፈት የሚሰጥ)

ማስታወሻ፦ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ኢዲት ሆልሮይድ ያረፉት ከሙሪየል አራት መቃብር አለፍ ብሎ ነው። በሩ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት በነበረበት በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እዚያ ስላልተገናኘን፣ መዘጋቱ ማንንም አይጎዳም ብለው በማሰብዎ አልፈርድብዎትም። ከሙሪየል የተረፈውን አበባ እሳቸው ላይ አኖርላቸው፣ የበቀለውንም ሳማ እነቅልላቸው ነበር። ሰሞኑን ያየ ሰው እንደነገረኝ ሳማው ስማቸውን ሸፍኖታል። ምናልባት ለመሄድ ካሰቡ ጓንት ይያዙ፤ ይለበልባል።