የደፈንኩት ቀዳዳ

ለማከብርዎት አማቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ ብሎ ያስወጣዎታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ማለቴን ግን ግማሹን ብቻ ይመኑልኝ።

በስልክ ልነግርዎ ያልደፈርኩት ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ልጅዎ ወደ እርስዎ ከመጣች ዘጠነኛ ሳምንቷን ያዘች። ለምን እንደተጣላን ነግራዎታለች፤ እውነቷን ነው። ምሳ ይዤ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት በር ላይ ስቆም፣ አውቶቡስ ስትሳፈርም ስትወርድም ስደውል፣ ፍቅር መስሎኝ ነበር። ትንሽ ተወኝ ባለችኝ ቁጥር ጨመርኩበት። ማርም ሲበዛ ይመራል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሰምቶ ማደግና ልብ ማለት ግን ለየቅል ነው።

ለሠርጋችን የሰጡንን ያቺን በማሰሮ የተተከለች ወይን ጠጅ ቀለም አበባ ትታት ሄደች። ይህችን እንኳ ላትርፍ ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣኋት። ቅጠሏ ሲጠወልግ ጠምቷት ነው ብዬ ደገምኩላት። ያኔ ነው ጨንቆኝ የደወልኩልዎ። አፈሩን አሽትተው ሲሉኝ የሻገተ ጨርቅ ሸተተኝ። ውሃው ከታች በየት እንደሚወጣ ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ደግሞ መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ሃያ ዓመት ቧንቧ የሠራሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ እያየሁ እንዴት ያስችለኛል? የማሰሮዋን ቀዳዳ በገዛ እጄ በሲሚንቶ ደፍኜው ነበር። ሥራዬ ደግሞ የማይታማ ነው፤ ጠብ አላለም። ይሳቁብኝ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

እንዳሉኝ ነቅዬ አወጣኋት። ግማሹ ሥሯ ጠቁሮ ሲነኩት ይልፈሰፈሳል። እሱን በንጹህ መቀስ ቆርጬ፣ ነጩን አስቀርቼ፣ ጋዜጣ ላይ አስተኝቼ አሳደርኳት። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ከፍቼ አሸዋ በገባበት አዲስ አፈር ተክዬ ጥቂት አጠጣኋት። ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ እንዳትነካት አሉኝ። እማማ፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ማን ያውቃል? ሁለት ጊዜ ጣሳውን ሞልቼ ከፊቷ ቆምኩ፤ ሁለቴም ሄጄ ፊቴን ታጠብኩበት።

ስልኩም እንደዚያው ነው። ቁጥሯን አወጣና መልሼ እዘጋዋለሁ። ካልደወልኩላት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ናፍቆቱ ይገድላል፣ ግን ችዬዋለሁ።

ትናንት ከመሃሏ ጥፍር የምታህል አዲስ ቅጠል አወጣች። አበባ ገና ነው፤ ነፍስ ግን ዘርታለች። ሌላ አማት ብትሆን ልጇን ላስከፋ ሰው ስልክም አታነሳም ነበር። እርስዎ ግን ሳይቆጡኝ፣ ሳይወቅሱኝ፣ ስለ ሥርና ስለ አፈር ታግሰው አስተማሩኝ። ከአንጀቴ አመሰግንዎታለሁ።

ባለፈው እሁድ ሲደውሉልኝ፣ ከአረንጓዴው መጋረጃ ጀርባ አታስቀምጣት፣ ብርሃን ይከለክላታል አሉኝ። አረንጓዴውን መጋረጃ እኔና ልጅዎ የሰቀልነው እርስዎ ቤታችንን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ ነው። ማን እንደነገረዎ አልጠየቅሁም፤ አሁንም አልጠይቅም። መጋረጃውን ግን ገልጬዋለሁ።

ዕድሜን ከጤና ጋር ያድልዎ፤ ቤትዎ ሰላም አይጣ።

አክባሪዎ፣
አማችዎ