ወንድምህ አልወረሰኝም

ሰይዶዬ፣ አካሌ፤

ሰላም ባለህበት ይድረስህ። አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ረመዳን ገብቶ ወጣ። የአምናውን ዒድ እንዴት እንዳለፈ አላውቀውም፤ የዘንድሮውን ግን ጎረቤት እስኪሰማን ስቀን ነው ያሳለፍነው። ይህን የምጽፍልህ ላሳዝንህ አይደለም። አንድ ነገር ሆኖ ነበርና ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማው ብዬ ነው። የከሚሴ ሰው እዚያም ቢሆን ወሬ ሳያደርስህ እንደማይቀር አውቃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናህን አልሸጥኩትም። እኔው ተቀምጬበታለሁ፤ እዚያው አስፋልቱ ፊት ለፊት፣ አንተ በምትቀመጥበት በረንዳ ላይ። የመጀመሪያ ሰሞን ባጃጁ ሁሉ ዝግ እያለ ያየኝ ነበር። "የሰይድ ሚስት ሱሪ ትሰፋለች" ተብሎ ገበያውን አዳረሰው። ደንበኞችህ ሊለኩ መጥተው እኔን ሲያዩ ያፍራሉ፤ ሜትሩን ይዤ እኔም አፍራለሁ። ኋላ ዘዴ ተገኘ፤ እያንዳንዱ አሮጌ ሱሪውን ያመጣና "በዚህ ልክ" ብሎኝ ይሄዳል። ችግሩ አሮጌው ሱሪ የተሰፋው ሆዳቸው ሳይወጣ በፊት ነው። ሱሪው ይጠብባቸዋል፣ መልሰው ያመጡታል፣ እኔም ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። አንተ መንዙማ እያንጎራጎርክ የቁልፍ ቀዳዳ ስታሠራኝ፣ "ለክፉ ቀን ይሆንሻል" ትለኝ ነበር። ሆነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሴቶች ልጆችህ እንደተውካቸው ናቸው፣ ባሰባቸው እንጂ። ሉባባ የዞኑ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ በየቀበሌው እየዞረች ስለ ሴቶች መብት ታስተምራለች። ዘይነብ ደግሞ ከአሱር ሶላት በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ቁርዓን ታስቀራለች፤ ንባቡን ታስተምራለች። ኒቃብም ለብሳለች። የለበሰች ቀን እናትህ ከበር ሲያዩዋት እንግዳ መስላቸው፣ "ማን ልበል?" ብለው መቀመጫ ሊያቀርቡላት ተነሡ። "እኔ ነኝ እማማ" ስትላቸው፣ "ዓይኔ ደክሞ ሳትሸፈኚም እየሳትኩሽ፣ ጭራሽ ተሸፈንሽብኝ?" ብለው ተቀመጡ።

ሉባባ ግን አለቀሰች። "ፊትሽን ማን ነው የቀማሽ?" አለቻት።

ዘይነብም፣ "ማንም አልቀማኝም። አንቺ ትቀቢዋለሽ፣ እኔ እሸፍነዋለሁ፤ ሁለቱም የየራሳችን ፊት ነው" አለቻት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክርክሩ አላባራም። ሴት ብቻዋን ደሴ ትሂድ፣ አትሂድ? ወንድ ሁለት ያግባ፣ አያግባ? ሳህን እያጠቡ ይከራከራሉ፣ ልብስ እያሰጡ ይከራከራሉ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሼህ ኡመር እንኳ ዘይነብን፣ "እኛን እናቶቻችን ሻሽ አስረው፣ እያረሙ፣ ወተት ገበያ እያወጡ ነው ያሳደጉን፤ ይሄ ከየት መጣ?" ቢሏት፣ በአደብ ቁጭ ብላ እስኪደክማቸው ተከራከረቻቸው። ሲወጡ ደግሞ ሉባባ መንገድ ላይ ጠብቃ፣ "እርስዎስ ለምን ሁለተኛ አገቡ?" ብላ ያዘቻቸው። ሰውዬው ወደ ቤታችን ሲመጡ ቢስሚላህ ብለው ነው የሚገቡት። የሁለቱንም ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ለሁለቱም ያምርባቸዋል፤ ከዚህ በላይ ፍርድ አልሰጥም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ኢዳዬን፣ የሐዘን ጊዜዬን ጨርሼ ከቤት መውጣት የጀመርኩ ሰሞን እናትህ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ኢንታላ ኮ" አሉኝ። በአማርኛ ጀምረው መሐል ላይ በኦሮምኛ "ልጄ" ካሉኝ ቀላል ነገር እንደማይከተል ታውቃለህ። "ጀማል ይውሰድሽ፤ የወንድሙ ቤት ለባዳ አይተው" አሉ።

ጀማልን! እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ንፍጡን እየጠረግኩ ያሳደግኩትን ታናሽ ወንድምህን! ሰንበቴ ከተማ ከብት ይነግዳል፤ ሚስቱ ፋጡማ አለች፣ ልጆች አሉት። ግን "እምቢ" አላልኩም፤ እናትህን አክብሬ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ሰደቃህ ይውጣ አልኩ። ቀጥሎ ክረምቱ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ረመዳን ይግባ፣ ረመዳን ይውጣ አልኩ። ማመካኛ አለቀብኝ። ዘንድሮ የዒዱ ሰሞን ሼህ ኡመር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጀማልና ፋጡማም ከሰንበቴ መጡ። ፋጡማ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጀማል ገበያ ላይ በሬ የጠፋበት ይመስል ላቡን እየጠረገ መሬት መሬቱን ያያል።

እናትህ ናቸው የጀመሩት። "እኔ ባሌ ሲሞት ሰይድ ገና ይድህ ነበር። የባሌ ወንድም ባይወርሰኝ ልጄ በየሰው ቤት ይቀር ነበር። አክብሮ ያዘኝ፣ ልጄን እንደ ልጁ አሳደገልኝ። እናንተ ልማዱ ይጎዳል ትላላችሁ፤ እኔን አድኖኛል" አሉ። አንተ ራስህ ያን ሰው "አባዬ" ብለህ ነው የቀበርከው፤ አንድ ሰው እስክትመስሉ ነበር የምትዋደዱት። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ሉባባ ብድግ አለች። "ሴት እንደ በሬ ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። ሕጉ ያለ ፈቃዷ ጋብቻ የለም ይላል" ብላ አንቀጹን መጥራት ስትጀምር አንደኛው ሽማግሌ አዛጉ። በዚህ መሐል ዘይነብ ከወንዶቹ ተለይታ ከተቀመጠችበት መጋረጃ ጀርባ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰዎቹ፣ እኔም ጭምር፣ አሁን እህቷን ልትቃወማት ነው ብለን ጠበቅን።

"በቁርዓን ሱረቱ ኒሳእ ላይ ሴቶችን በግድ ልትወርሱ አይፈቀድላችሁም ተብሏል" አለች። "የሙት ሚስት መውረስ የጃሂሊያ፣ የድንቁርናው ዘመን ልማድ ነው፤ እስልምና የመጣው ሊያስቀረው ነው። ሉባባ ያለችው ልክ ነው።"

ሼህ ኡመር ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አዘንብለው፣ "እስቲ የመጨረሻዋን ድገሚልኝ" አሏት።

"ሉባባ ያለችው ልክ ነው" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ሼሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ "እነዚህ ሁለቱ ጨው ነጭ ነው ቢባል የማይስማሙ ናቸው። እነሱ የተስማሙበት ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም" አሉ። ያዛጉት ሰውዬ እንኳ ሳቁ። ከዚያ ሼህ ኡመር ወደ እኔ ዞሩ። "ሀዋ፣ ነገሩ ያንቺ ነው፤ እስካሁን ግን ድምፅሽን አልሰማንም። ምን ትያለሽ?"

ልጆችህ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ "እናታችን እኮ..." ብለው ጀመሩ። ሼሁ በትራቸውን አነሡ። "እሷን ነው የጠየቅኩት!" አሉ። ልጆችህን ዝም ሲያሰኝ ያየሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። ቦርከና ዳር ልብስ ሳጥብ መጥተህ፣ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት "ብልክ ይከፋሻል?" ብለህ ጠየቅኸኝ። አባቴ ሲሰማ፣ "ልጅቷን ይጠይቃል እንዴ? ምን ዓይነቱ ነው!" ብሎ ሊመልስህ ነበር። እኔ የምመልሰው ጠፍቶኝ ሳቅኩ፤ ሳሙናው ከእጄ አምልጦ ወንዝ ገባ፤ አንተም ልትይዘው ብለህ ከነሱሪህ ገባህ። ሰው ፈቃዴን ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። አሁን ደግሞ ሼህ ኡመር ጠየቁኝ። በዚህኛው አልሳቅኩም።

"ጀማልን እንደ ወንድሜ እወደዋለሁ። ላገባው ግን አልፈልግም" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ!"

እንዲህ ብሎ የጮኸው ማን ይመስልሃል? ጀማል ነው። ከአፉ አምልጦት ነው። ሁላችንም ዞረን ስናየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እኔማ... እናቴን ቅር ላለማሰኘት እንጂ... ሀዋ እኮ እናቴ ማለት ናት፤ ንፍጤን ስትጠርግ..." እያለ ሲንተባተብ ከጥጉ እንደ ሳል የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ፋጡማ ነጠላዋ ውስጥ ሆና በሳቅ እየታፈነች ነበር። ከዚያ ማን ያቁመን? ጎረቤት የሰማው ያንን ነው። ሼህ ኡመር ዕንባቸውን እየጠረጉ ዱዓ አደረጉና ጉዳዩ ተዘጋ። በማግስቱ ፋጡማ በሰንበቴ ሚኒባስ አንድ ሙክት ላከችልኝ። ሹፌሩ ጣራ ላይ አስሮ ነው ያመጣው።

አንድ ሰው ግን አልሳቀም። እናትህ ሳይታዩ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገብተው ነበር። ተከትያቸው ስገባ ልብሳቸውን እያጣጠፉ አገኘኋቸው።

"ወዴት ነው እማማ?" አልኳቸው።

"ልጄ ሞተ። ጀማል ካልወሰደሽ አንቺም ነገ ወደ ወገንሽ ትሄጃለሽ፤ ልጆቹም ይከተሉሻል። እንግዲህ እኔ የማን ነኝ?" አሉኝ።

ሰይዶዬ፣ እኔ ሊያስሩኝ የፈለጉ ሲመስለኝ፣ ለካስ እንዳልጥላቸው ፈርተው ነው። ማሰሪያ ብለው የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው የታሰሩበትን ብቻ ነው። ልብሱን ከእጃቸው ተቀበልኩና መልሼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። "የእኔ ነዎት። ጀማል ስላልወሰደኝ እናቴ መሆንዎ ይቀራል? እኔ ከዚህ ቤት የትም አልሄድም፤ እርስዎም አይሄዱም" አልኳቸው። ሳጥኑን ዘጉና፣ "ጀማል ግን ምን ነካው? እንደዚያ ይጮሃል?" አሉ። ያኔ እሳቸውም ሳቁ።

አሁን በረንዳው ላይ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ቁልፍ ይመርጡልኛል፤ ነጩን ከክሬሙ እየቀላቀሉ። የጠበበ ሱሪ ይዞ የሚመጣ ሲኖር ከእኔ ቀድመው፣ "ሱሪው ምን አደረገህ? ሆድህን ተቆጣው!" ይሉታል። ደንበኛው ሱሪው ባይጠበውም እሳቸውን ሊሰማ የሚመጣ ይመስለኛል። ልጆችህም ሰላም አልወረደላቸውም። የዚያኑ ቀን ማታ፣ ያሸነፈው ሕጉ ነው ወይስ ቁርዓኑ በሚል ጀመሩት፤ እስከ ዛሬ አልጨረሱትም።

ሁለቱም ያልጠየቁኝን ግን ላንተ ልንገርህ። እምቢ ያልኩት በአንቀጽም በቁርዓኑም አይደለም፤ ሼሁ ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። ኋላ ሳስበው፣ እኔና አንተ የጀመርነው ወሬ ገና ስላላለቀ ነው። ሱሪ ስቆርጥ አማክርሃለሁ፤ ልጆቹ ሲጣሉ ወደ ባዶው ወንበርህ አይቼ እስቃለሁ። አንድ ቀን ወሬያችን አልቆ ሌላ ላግባ ብዬ ባስብ፣ ዘይነብም ሉባባም መብትሽ ነው ብለውኛል፤ በዚህም ተስማምተዋል፣ ጉድ በል። ያኔ ራሴ መርጬ ነው የማገባው፤ ከሰው ሁሉ በፊት የምነግረውም ለአንተ ነው።

እስከዚያው አልረሳህም፤ ያኔም አልረሳህም። ጥቁር ለብሼ ሳይሆን፣ እየሳቅኩ ነው የማስታውስህ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር፣ ብርሃን ያድርገው። አሁን ተነሣሁ፤ እናትህ ከበረንዳው እየጠሩኝ ነው፣ ሰው ሱሪ ይዞ መጥቷል።

ሚስትህ ሀዋ፤ ከሚሴ