በቋንቋህ ውስጥ ስላስገባነው ቀስት

ጌትነት ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ደብረ ታቦር እንደምታውቃት ናት፤ ገብሱ እየታጨደ ነው፣ ከጉና የሚወርደው ብርድም አጥንት ሰብሮ ይገባል። የጓዳውን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ። ስትሠራበት የነበረው ክፍል ደግሞ የቅዳሜ መሰብሰቢያ ሆኗል። ተማሪዎችህ የነበሩት ልጆች ከየሥራቸው ተጠራርተው ይመጣሉ፤ እኔ ድንች እቀቅላለሁ፣ በአዋዜ እየበላን ስለሠራኸው በአማርኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እንጨቃጨቃለን። ሥራህ ቆሞ አልቀረም ልልህ ነው።

ዘንድሮ ግን ልንጣላ ምንም አልቀረን። ነገሩን ያመጣችው ዘሐራ ናት፤ ያቺ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ካስተማርካቸው ሁሉ አንደበቷ ስለታም የነበረችው። አንተ ከሄድክ ወዲህ የቋንቋውን ስሕተት የምታርመው እሷ ናት። አዲስ ምልክት ይግባ አለች፤ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሚቀጥለው የሚያቀብል ቀስት። ባንተ አጻጻፍ የተማሪዎችን ውጤት አንብቦ፣ ያለፉትን ለይቶ ለመደርደር ትእዛዙ ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚሠራው ከሁሉም ውስጥ ተወሽቆ ይገኛል። በቀስቱ ግን አንብብ፣ ለይ፣ ደርድር እያለ በተራው ይሄዳል።

በሕይወት ሳለህ ይህንኑ ጠይቃህ እምቢ ብለሃታል። ልጆቻችን ኮምፒውተርን በአማርኛ ቃል ሊያዝዙ መጥተው ምልክት ሲበዛባቸው ይሸሻሉ ብለህ። እኔም ያንን ይዤ ድርቅ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለጀማሪዎቹ አስቤ ብቻ አልነበረም። ካንተ የቀረኝ ይሄ ነው፤ አንድ ነገር በነኩበት ቁጥር አንተ ከቤቱ ጥቂት ጥቂት እያልክ የምትወጣ መሰለኝ።

ዘሐራ ያንተን ደንብ አነሣችብኝ። እንደ ጥንቱ ችሎት ጋቢ አጣፍቶ ቆሞ መሟገት፣ በሳምንቱ ደግሞ ወገን ቀይሮ ለባላጋራው ከልብ መሟገት፤ ያልቻለ ድምፅ አይሰጥም ያልከውን። እትዬ፣ ደንቡ ለእርስዎም ነው አለችኝ፣ በትሕትና፣ ግን ሳትለቀኝ። ማን ያስተማራት እንደሆነ ታውቃለህ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቀስቱን ተቃውሜ አሸነፍኩ። በሁለተኛው ለቀስቱ ልሟገት ጋቢህን አጣፍቼ ቆምኩ። ለይስሙላ ጥቂት ተናግሬ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ግን ዘጠነኛ ክፍልን በቋንቋህ ሳስተምር ያየሁት ሁሉ መጣብኝ፤ ልጆቹ የትኛው ቅንፍ የትኛውን እንደሚዘጋ ሲፈልጉ ክፍለ ጊዜው ያልቅና ሒሳቡን ሳይነኩት ይወጣሉ። ይህን ስናገር ራሴን አሳመንኩት። ዘሐራ በተራዋ ቀስቱን ተቃወመች፤ ያንተን ምክንያት ሁሉ አንተ ከምትናገረው አሳምራ አቀረበችው። ለምልክቷ ስንት ወር የለፋች ልጅ፣ ያንተን ሐሳብ ለማዳን እንዲያ ስትታገል ሳይ እንባዬ መጣ። የኩራት እንባ ነው፣ አትጨነቅ።

ድምፄን ለቀስቱ ሰጠሁ። ዘሐራም ራሷ በተሟገተችው ተይዛ፣ የድሮው አጻጻፍ እንዳለ ይቆይ፣ ጀማሪውም ቃላቱን ሳያውቅ ቀስቱን አይማር ብላ ሁላችንንም አስማማችን።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍሎቼ በቀስቱ ጻፉ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጨርሰው ሌላ ጥያቄ አምጪ አሉኝ። በጣም ነው የኮራሁብህ። እምቢ ያልከውን ሐሳብ አንሥተው፣ ባወጣኸው ደንብ ተሟግተው የሚረቱህ ሰዎች አፍርተሃል፤ ይህ ለስንት መምህር ይደርሳል?

እንደነበርክ አስቀምጥሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። በትዳራችን ሳልሟገትህ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ አሁንም ሌላ አላውቅበትም። አልረሳህም የምልህ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ላንተ ወግኜ እቆማለሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ እሟገትሃለሁ።

ያንተው እናኑ