ማራገቢያዎቹን ዝም ላሰኙት የቴክኖሎጂ ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በደስታ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ያለ እንከን እንደሚሠራ ስለማውቅ፣ በሙቀት በኩል ስለ እርስዎ ሐሳብ የለኝም።

እኔ ምድር ቤት ባለው የሲቲ ስካን ክፍል የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተሬ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ዕቃው እየተመረጠ የተገጣጠመ ሲሆን፣ ምስሎችን አዋሕዶ የተሰበረን አጥንት ከሁሉም አቅጣጫ ያሳያል። ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ማራገቢያዎቹ ይፈጥናሉ፤ ሲፈጥኑ ይጮኻሉ። ጎብኚዎች ይመጣሉ በተባለ ጊዜ ይህን ሁሉ ስላስተካከሉልን በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

፩ኛ/ ማራገቢያዎቹን ከአንድ መቆጣጠሪያ ጋር አያይዘው፣ እንግዳ እንዳይረብሹ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለቆለፏቸው፣ የይለፍ ቃሉንም ለእኛው ደኅንነት በማሰብ ከራስዎ በቀር ማንም እንዳያውቀው ስላደረጉ እናመሰግናለን።

፪ኛ/ በኮምፒውተሩ ሳጥን የመስታወት ጎን ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት እየተቀያየረ እንዲበራ አድርገዋል። ላዩ እንደ ሠርግ ቤት ደምቋል፤ ውስጡን ለቄስ። የሙቀቱን ልክ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ «ውበት ያበላሻል» ተብሎ ከስክሪኑ ስለተነሣ፣ ኮምፒውተራችን ሆድ ይፍጀው ማለትን ተምሯል።

፫ኛ/ ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ጎብኚዎቹ በመጡበት ቀን ረፋድ ላይ ከጣሪያ የወደቀ አናጢ አመጡልን። ዳሌው ተሰባብሮ ውስጥ ለውስጥ ይደማ ነበር። የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ስብርባሪው ከደም ሥሩ ምን ያህል እንደራቀ ሳታይ መጀመር ስላልፈለገች ምስሉን ትጠብቃለች። ኮምፒውተሩ ሥራውን አጋምሶ ድርግም አለ። አስነሣሁት፤ ደግሞ ጠፋ። ሳጥኑን ብነካው እጄን ለበለበኝ። ወዲያው ስልክ ደወልኩልዎ። ግሎ እየጠፋ እንደሆነ ስነግርዎ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እንግዶች ይዤ ወደ እናንተ እየወረድኩ ነው፤ መብራቱ ግን ይሠራል አይደል?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ ስላሳዩት አሳቢነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ «የደም ግፊቱ እየወረደ ነው፤ በግምት ልግባ?» አለችኝ። የመስታወቱን ብሎኖች ፈትቼ፣ የማራገቢያዎቹን ገመዶች ከመቆጣጠሪያዎ ነቀልኩና መብራቱን ይመግብ ከነበረው የኃይል ገመድ ጋር በቀጥታ አገናኘኋቸው። ስከፍተው መብራቱ ጨልሞ ቀረ፤ ማራገቢያዎቹ ግን እየጮኹ ተነሡ። ኮሪደር ላይ የተቀመጠችው የአናጢው ሚስት ጩኸቱን ሰምታ ዘው ብላ ገባች።

«ምንድን ነው የሚጮኸው? ባሌ ምን ሆነ?»

«አይዞሽ እህቴ፣ ይጩኽ፤ መጮኹ ነው የሚበጀን» አልኳት።

ምስሉ ወጣ። ሐኪሟ ልትገባበት ባሰበችው በኩል አንድ ስለታም ስባሪ ደም ሥሩን ተደግፎ ቆሟል። በሌላ በኩል ገባች፤ ሰውየውም ተረፈ። እርስዎና እንግዶችዎ የደረሳችሁት ግን ጨልሞ በሚጮኸው ሳጥን ፊት ነበር። ስለዚህም «መብራት ያለ ፈቃድ በማጥፋትና ጎብኚ በመረበሽ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ማስጠንቀቂያውን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ገመዶቹን ግን አልመለስኩም።

እርስዎ ባሉበት ጸጥታ፣ እኛ ባለንበት ነፋስ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት እምቢተኝነት ጋር እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሲቲ ስካን ክፍል ባለሙያዋ

ማስታወሻ፦ አናጢው ባለፈው የተኛበት ክፍል ሄጄ ስጠይቀው ማራገቢያዎቹን ማን እንደቆለፋቸው እንድነግረው ለመነኝ። ስምዎን አልነገርኩትም፤ ለሰው ክብር እጠነቀቃለሁ። የቢሮዎን ቁጥር ግን ነግሬዋለሁ፤ መራመድ ሲጀምር ይመጣል።