የአንቺን ሒሳብ እኔ ተማርኩት

አምቦ፣ ሰኔ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዶርቃስ፣

የጌታ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እኔም እናትሽም በጤና አለን። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜ ገብቷል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ናኦሚ ናት። የት እንዳለሽ የነገረችኝም እሷ ናትና እንዳትቆጪያት። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አስቁሜያት፣ "ዶርቃስ ፈተና ጨረሰች ወይ?" አልኳት። መሬት መሬት ታይ ጀመር።

"አባባ፣ ዶርቃስ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተሰናበተች አራት ወሯ ነው። ውጤቷ አልበቃ ብሎ። አሁን ሆለታ አበባ እርሻ ትሠራለች።"

"እሺ" አልኳት። ቤት ገብቼ ምሳዬን በላሁ። ጫማዬን ጠረግሁ። እስካሁንም አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለኝ። በስልክ እያነበብሽልኝ፣ ሠርቼ የምልክልሽን ሒሳብ አላውቀውም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው። ኢንተግሬሽን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ በእጄ አልፎ አያውቅም። ግን መጀመሪያ የደወልሽ ቀን፣ "ለአባቴ ይሄ ምኑ ነው!" ብለሽ ለጓደኞችሽ ስትነግሪ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም ማለት አቃተኝ።

ሶረቲ የምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። "ኦቦ ፈየራ፣ ሰዎች ሒሳብ የሚጠያየቁበት መድረክ አለ" ብላ ከፈተችልኝ። ጥያቄሽን እንዳለ ጻፍን። በማግስቱ ስሄድ አንድ የፖላንድ ሰው መልሷል። "እስካሁን ምን ሞከርክ?" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ተናደድኩ። ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆቹን ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሞከርኩ። ተሳሳትኩና ላክሁለት። የቱ ጋ እንደሳትኩ ነገረኝ እንጂ አልሠራልኝም። እንዲህ ስንባባል ሦስተኛው ሳምንት ላይ በገዛ እጄ ወጣልኝ። ብቻዬን ስስቅ ሶረቲ አይታኝ፣ "ምን አገኙ?" አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ላንቺ የላክሁት ግን በንጹሕ ወረቀት የተገለበጠውን ብቻ ነው። ስርዝ ድልዙን፣ የቀደድኩትን፣ የጠየቅሁትን አላሳየሁሽም። አንቺ መማር የነበረብሽን እኔ ተማርኩት፤ ፈተናው ላይ የተቀመጥሽው ግን አንቺ ነሽ። ሰውዬው አንድ ቀን "ኮርሱ የራስህ ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "አዎ" አልኩት።

እኔም ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ። ከየካቲት ወዲህ ስትደውዪ የምታነቢልኝ ጥያቄ ከየት ነበር? ናኦሚ አሮጌ መጽሐፍ ይዘሽ እንደወጣሽ ነገረችኝ። ከተሰናበትሽ ወዲህ ያነበብሽልኝ ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ዘጠኙንም ሠርቻቸዋለሁ።

ሰኞ ለሰውዬው እውነቱን ጻፍኩለት። ኮርሱ የልጄ ነበር፣ እሷ ተሰናበተች፣ ምን ልበላት? አልኩት። ትናንት መለሰልኝ። "እኔ ሒሳብ እንጂ ይህን አላውቅም። ከልጄ ጋር ከተነጋገርን ስድስት ዓመታችን ነው" ይላል። ሶረቲ አነበበችልኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። "ዶርቃስ ፈተናው እንዴት ሆነላት?" ስትለኝ "ደህና" እላታለሁ። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ሲል ብርድ ልብስሽን አጥባ አሰጣችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ሆለታ እመጣለሁ። ከሥራ የምትወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ። ከበሩ ማዶ እቆማለሁ። ስለ ሒሳቡ አላነሳብሽም። ከሰው ጋር ሆነሽ ካፈርሽ ዝም ብለሽ እለፊ፤ እኔም አልጠራሽም። ስታልፊ ካየሁሽ ይበቃኛል።

ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅ። እጅሽን ከእሾህ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ
ፈየራ